ኅዳር በጣና ዳር

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የባሕር ዳር ሰማይ ጠርቷል። ነፋሱ ጧት ጧት ይቀዘቅዛል፤ በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ሲወዛወዝ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አደይ አበባ ረግፋለች፤ ጤፉ ግን ወደ ቢጫነት እያዘነበለ ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር ይህ ወቅት መፀው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፥ እስከ ኅዳር 5 ድረስ፥ ወርኀ ጽጌ ናቸው፤ የእመቤታችንና የሕፃኑ ልጇ ወደ ግብጽ መሰደድ ይታሰብባቸዋል። በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሊቃውንቱ አባ ጽጌ ድንግል የደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ በከበሮና በጸናጽል ሲያዜሙ ያድራሉ።

ጡረታ የወጡ አንድ የባሕር ዳር መምህር እናታቸውን የቀበሩት በዚሁ ወቅት መባቻ፥ መስከረም 26 ቀን ነበር። ስለዚህ የሐዘኑና የጽጌው ቀን አብሮ ተቈጠረ፤ የእናታቸው አርባ ከጽጌው ፍጻሜ ጋር ገጠመ።

መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ አስተምረዋል። ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ ሲያስረዱ፥ ዐፅማቸው በዚያ ደሴት የሚገኘውን ነገሥታት፥ ይኩኖ አምላክን፥ ዳዊትን፥ ዘርዐ ያዕቆብን፥ ዘድንግልን፥ ፋሲለደስን፥ በሰሌዳ ላይ በተርታ ይጽፉ ነበር። እናታቸው ግን ፊደል ያልቈጠሩ፥ ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ክብራን ገብርኤል ከከተማው ዳርቻ በዓይን ይታያል፤ ሴት ግን አይገባበትም። እርሳቸው በየማለዳው ከውኃው ዳር ቆመው ወደዚያው ይሳለሙ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው፥ «እምዬ፥ የማትገቢበትን ደጅ ስለ ምን ትሳለሚያለሽ?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ «ልጄ፥ ጸሎት ታንኳ አይሻም» ሲሉ መለሱላቸው።

በሰሜኑ ዓለም ሙታን የሚታሰቡት ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ነው፤ የካቶሊክ ምእመናን ኖቬምበር 2 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 23፥ ለሙታን ሁሉ ይጸልያሉ። በዚያ ዛፉ ራሱ አብሮ የሚያዝን ይመስላል። በጣና ዙሪያ ግን ሐዘንተኛው ወደ ለቅሶ የሚሄደው በደረሰ እህል መካከል አልፎ ነው። ኅዳር የሚለው ስም «አደረ» ማለት ከሆነው የግእዝ ግሥ ከ«ኀደረ» ጋር ይያያዛል፤ ገበሬው የደረሰ ሰብሉን ሲጠብቅ በማሳው ዳር ያድራልና። መምህሩ ለተስፋ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አላገኙም፤ ተስፋ ውርጩን ችሎ ከሰብሉ አጠገብ ማደር ነው።

ጣና ደግሞ ማንም ያልዘራው ሌላ አበባ አለው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ወርሮታል። ሐምራዊ አበባው ለሩቅ ተመልካች ያማረ ነው፤ ከሥሩ ግን ውኃው ብርሃንና አየር ያጣል፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን የሚጥልበት ስፍራ ይዘጋበታል። ዘሩ በደለል ውስጥ ሳይሞት ለብዙ ዓመታት ይቈያል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ዳሩ ግን መዝገብ አረም አይነቅልም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አረሙን ለማስወገድ የዘመቻ ጥሪ ሲተላለፍ፥ መምህሩ ላለመሄድ ወስነው ነበር። «ቢነቀልም ተመልሶ ይበቅላል» ሲሉ ለእናታቸው ነገሯቸው። እናታቸው በሶውን በስልቻ ቋጥረው እያቀበሉ፥ «አቧራስ በየቀኑ ይመለስ የለም? ታዲያ ቤት መጥረግ ተትቶ ያውቃል?» አሉ። መምህሩ ወደ ፎገራ ዳርቻ ወረዱ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው ከገበሬውና ከተማሪው ጋር አረሙን ጐተቱ። አረሙም ቈይቶ ተመልሶ በቀለ። እናትና ልጅ ሁለቱም እውነት ተናግረው ነበር።

ለአርባው ቀን መምህሩ የእናታቸውን የሕይወት ታሪክ እንደ ነገሥታቱ ታሪክ በዓመተ ምሕረት ከፋፍለው ለመጻፍ ሞከሩ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላላቸውም። ኅዳር 5 ቀን ፍትሐት ከተደረሰና ነዳያን ከተመገቡ በኋላ፥ ወረቀቱን ከኪሳቸው ሳያወጡ የእድሩን ሰዎች ያዳምጡ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡ በተቀደደበት ዓመት የመግዣውን ገንዘብ ማን እንዳበደረው ተናገረ። አንዲት ጐረቤት በወለደች ጊዜ ገንፎዋን ማን እንዳገነፋላት አነሣች። ንግግሩ እስከ ምሽት ዘለቀ። ተዝካር የሚለው ቃል ማስታወሻ ማለት መሆኑን መምህሩ ለተማሪዎቻቸው ብዙ ጊዜ አስረድተዋል፤ የገባቸው ግን በዚያች ምሽት ነበር።

በማግስቱ፥ በቁስቋም ዕለት፥ ማለዳ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ክብራን በጉም ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። እናታቸው ይቆሙበት ከነበረው ስፍራ ቆመው ተሳለሙ። የልደቱን ተስፋ የሚጠብቀው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቤታቸው ሲመለሱ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልቻ አወረዱና አቧራውን አራገፉ፤ የፎገራው አረም ዘንድሮም ነቃይ ይሻልና።