የዲጄው ሒሳብ

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜን ስንድር የሰርጉ ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርኩ። አገሩ መንዝ ነው፤ ከሞላሌ ወጣ ያለች፣ ከድንጋይ ካብ በቀር ነፋሱን የሚጋርድ ነገር የሌላት መንደር። የመንዝን የጥር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቀው ግን፣ ባና የደረበ ሰው እንኳ እሳት ዳር ካልተቀመጠ ጥርሱ የሚንቀጫቀጭበት ሌሊት ነው። ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በዚያ ሌሊት ከእሳቱ ርቆ፣ ከዳሱ አፍ ላይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስኪነጋ የቆመ አንድ ሰው ነበረ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ያስመጣነው ዲጄ ነው።

ልጁ መጀመሪያ የጠየቀን 8,000 ብር ነበር። ተከራክረን 5,500 ላይ አወረድነው። በተለይ አጎቴ በረታበት። «የሰው ዘፈን ከፍቶ ለመቆም ይህን ያህል?» ሲለው ሁላችንም ሳቅን። 2,000 ብር ቀብድ ሰጠነው፤ ቀሪውን ሲነጋ ልንከፍል ተስማማን።

በዚያው ምሽት አዝማሪም መጣ። ማን እንደ ጠራው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አዝማሪ ሰርግ ያለበትን ቤት አያጣውም። መሰንቆውን እየገዘገዘ ገባና የአጎቴን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሞተች በቅሎውን ሳይቀር አነሣ። አጎቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ተቀበል!» አለ፤ ግጥም ሰጠው፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ መለሰለት፤ ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ወዲያማ የብር ኖት በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፍ ጀመር። የ200 ብር ኖት ያን ጊዜ ገና አልወጣም፤ ቢወጣ ኖሮ አጎቴ እሱን በለጠፈ ነበር። ብቻውን 1,200 ብር እንደ ሸለመ በነጋታው ራሱ በኩራት ነገረን። ከዲጄው ላይ 2,500 ብር ያስቀነሰው ይኸው አጎቴ ነው።

አጎቴን ንፉግ ነው ለማለት አይደለም። ቸር ሰው ነው። ነገር ግን ሽልማት ዋጋ አይደለም፤ ሰጪው በሰው ፊት የሚገዛው የገዛ ክብሩ ነው። አዝማሪው ያዜመውን ግጥም እንኳ ልብ ብለን ብናየው የራሱ የአጎቴ ነበር። ልጅ ሳለን ጎህ ሳይቀድ ደጃችን ቆመው የሚያዜሙትን ላሊበሎች አስታውሳለሁ፤ ሐሚና የሚሏቸውም አሉ። አስቀድመው የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ነበር የሚመጡት። እናቴ ስሟ ከነማዕረጉ ሲጠራ በሰማች ጊዜ፣ በዚያ ብርድ ከመኝታዋ ተነሥታ ገብሱን ሰፍራ ታወጣላቸው ነበር። ስማችን ሲጠራ እጃችን ይፈታል። የዲጄው ግንባር ግን ከማሽኑ ኋላ በጨለማ ውስጥ ነው፤ ማንም አይለጥፍበትም።

ደግሞስ በሽልማት መኖር ለአዝማሪውስ ቢሆን ምን ያህል ያዛልቀዋል? ዝነኛው የእስክስታ ሰው መላኩ በላይ በካዛንቺሱ ፈንድቃ ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ ይጨፍር እንደ ነበር በየቃለ መጠይቁ ተናግሯል። ማደሪያውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቤቱን ራሱ ተረክቦ ኋላ የባህል ማዕከል አደረገው። ግን ስንቱ ጨፋሪ መላኩን ሆነ? ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር የሰጪው ስሜት እስከ ሞቀ ድረስ ነው። ሲበርድ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ዳሱ ጨለመ፤ ድምፅ ጠፋ። ልጁና ረዳቱ ባትሪ ይዘው ጄኔሬተሩን ይፈታቱ ገቡ፤ ጣቶቻቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ። ይህን ጊዜ ሴቶቹ ከበሮ አወረዱ። አክስቶቼ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከማዶ መንደር የመጡት ሁሉ በኩራዝ ብርሃን ያዜሙት ጀመር። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሥተው ጨፈሩ። እውነቱን ለመናገር ከሰርጉ ሁሉ ያማረው ያ አንድ ሰዓት ነበር። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ቅር ያላቸውም ነበሩ።

ሲነጋ ግን እኔ ገንዘብ ያዡ ምን አደረግሁ? «አንድ ሰዓት አቋርጠሃል» ብዬ ከቀሪው 3,500 ላይ 1,000 ብር ያዝሁበት። የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። ይልቁንስ ያ ሰዓት ጨምሮልኝ ነበር። ልጁ ብሩን ቆጥሮ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ፣ ጋሼ» አለ፤ ውርጭ ያደረቀውን ገመድ መጠቅለል ቀጠለ። በዚያው ጠዋት ለቪዲዮና ለፎቶ ባለሙያዎቹ 14,000 ብር ሳልከራከር ከፍያለሁ። እነሱ የሚያስቀሩት የእኛን መልክ ነዋ።

በዓመቱ ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተገናኘን። ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው፤ ተነሥቶ ሰላም አለኝ። ሻይ እየጠጣን ከዚያ ሌሊት ምን ያህል እንደ ቀረለት ጠየቅሁት። ሳያማርር በጣቱ ቆጠረልኝ። ለመኪና 1,600፣ ለስፒከር ኪራይ 1,700፣ ለረዳቱ 600፣ ለቤንዚን 430። ድምሩ 4,330 ብር ነው። ከ5,500 ሲነሣ 1,170 ይቀራል። ከዚያ ላይ እኔ 1,000 ይዣለሁ። 170 ብር! ዳሱን ያቆመልን አናጢ ለሁለት ቀን ሥራው 900 ብር ወስዷል፤ ለሱ ብዙ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ የአጎቴን «የሰው ዘፈን» ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ከንቱ ክርክር አይደለም። የዘፈኑ ባለቤት መብት አለው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አውቆለታል፤ ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ በየቦታው ለሚደመጥ ሥራ የሮያሊቲ ክፍያ በማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ አበጅቷል። ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲና ድምፃዊው ከዳሳችን ምንም አላገኙም። ይሁንና ያ የእነሱ ዕዳ ነው፤ የዲጄውን ድካም ነጻ አያደርገውም። እኛ ለእነሱ ልንከፍል አስበን አይደለም የቀነስንበት።

ታዲያ ስንት ይገባዋል? እኔ የማይታየውን ወጪ ሁሉ ከነሱ ላይ አንሥቼ፣ የተረፈው ቢያንስ የአናጢውን ሁለት ቀን ያህል ይሁን እላለሁ። ሌሊት ነውና፣ ሰው በሚያርፍበት ጊዜ የሚሠራ ነውና። በተጫራቹ ለጋስነት ሳይሆን ቀድሞ በተነገረ ቁጥር። ሴቶቹ በነጻ አዜሙ እንዳይባል፤ እነሱ ብድር ነው ያስቀመጡት። የአክስቴ ልጅ ሲዳር እናቴ ሄዳ ታዜማለች፤ ሒሳቡ ለብዙ ዘመን የሚዞር ነው። አዝማሪውን ክብራችን ከፈለው። ከደብረ ብርሃን ለመጣው ልጅ ግን በመንደራችን ብድር የሚመልስለት ዘመድ የለውም፤ ስማችንንም አያነሣም። ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ያ 5,500 የሚለው ቃል ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በመንዝ ልጅነቴ ከዘመድ ብድርና ከስም ይልቅ የቀለለኝ እሱን ማፍረስ ሆነ።

1,000 ብሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ይተዉት ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለ መጀመሪያ። ኋላ ግን ተቀብሎ በኪሱ ከተተው፤ ደስ አለኝ።

«አሁንስ ሥራው እንዴት ነው? ቀብድ ስንት ትቀበላለህ?» አልሁት።

«ቀብድ ትቻለሁ፤ ሙሉውን አስቀድሜ ነው የምቀበለው።»

«ከዘመድም ቢሆን?»

ሳቀ። «ከዘመድማ ከሳምንት በፊት ነው።»