ሞተር ቤት ውስጥ አይነሳም

ላንቴ የሙዝ አገር ነው። ወንዝ በመስኖ ማሳውን ያጠጣል። አንድ ቀን የመስኖው የብረት መዝጊያ ተሰበረ። ነቅለን ወደ ሙዝ ማከማቻው ደጅ ወሰድነው። እዚያ መብራት የለም። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ በያጅ በሞተር የሚሠራ የብየዳ መሣሪያ ይዘው መጡ። ማታ ማታ እኔ ዘንድ ፊደል ይቆጥራሉ። «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ሥራው ሳያልቅ ዝናብ መጣ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ወደ ውስጥ እናስገባውና ይቀጥሉ» አልኩ።

ወዲያው ሞተሩን አጠፉት። «ልጄ፣ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል አታውቅም? የዚህም ያው ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። መርዙን በዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በር ቢከፈትም አይታመንም። እኔ ግን ትምህርቴን ከሥራው ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

በእርጥብ መሬት ላይ ኤሌክትሪክ ይመታል። ስለዚህ እስኪደርቅ ጠበቅን። በማግስቱ ሞተሩን ከደጅ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምነው። ጭስ ማውጫውን ከሰውና ከቤት አዞርነው። ብልጭታ 10 ሜትር ያህል ሊፈናጠር ስለሚችል ደረቁን የሙዝ ቅጠል ጠረግን። ቤንዚን የጨመርነው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሲመሽ፣ ከቀዘቀዘ ወዲያ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋን። ሽቦውን ጠቀለልን። እርጥበት እንዳይነካው ሳንቃ ላይ አስቀመጥነው። ከእሳትና ከኩራዝም አራቅነው።

ከትምህርት በኋላ ጋሼ ጠመኔ ጠየቁኝ። በማከማቻው በር ላይ፣ ፊደል እየለቀሙ፣ «ሞተር ቤት ውስጥ አይነሳም» ብለው ጻፉ።

እናንተም አንብቡት። ማንበብ ላልቻለም ንገሩት።