ምች እያልን የምናሳልፈው ትኩሳት

የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ የሚያስተኙት ውሃ ለሩዙ በረከት ነው። ውሃው ሲሸሽ ግን ኩሬው ይቀራል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወረታና ዙሪያዋ ወባ የሚበረታው ለዚህ ነው። እኔን የምታሳስበኝ በዚህ ሰሞን የምታተኩስ ነፍሰ ጡር ናት።

ራሷን ይፈልጣታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ያስመልሳታል። አማቷ "ፀሐይ ላይ ውለሽ ምች መትቶሽ ነው" ብለው ዳማከሴ አሽተው ይሰጧታል። እሷም "እርግዝናው ነው" ትላለች። ማስመለሱና ድካሙ በእርግጥም ይመሳሰላል፤ ማንንም አልወቅስም። ትኩሳት ግን የእርግዝና ባሕርይ አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ትኩሳቱ ይለቃል ብሎ ቀን መቁጠር አደገኛ ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለቅበት የምዕራብ አፍሪካ አገር ያደገች እናት ሰውነቷ በከፊል ስለለመደው ተሕዋሱን ተሸክማ ምንም ላይሰማት ይችላል። የፎገራዋ ያ አቅም የላትም፤ ቶሎ ይጸናባታል። ደሟ ያንሳል፣ ስኳሯ ይወርዳል፣ ፅንሱም ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ እንደ ወረታ ያለውን ከፍታ ሲመታ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ የሚገመተው ሕዝቡ በሽታውን ስላልለመደው ነበር።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነፍሰ ጡሯን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ታደርጋለች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አንድ መስመር ብቻ ከወጣ ነፍሰ ጡሯ "ወባ የለብሽም" ተብላ ትመለሳለች። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የያዘው የደም ሴል ግን እንግዴ ልጁ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በጣት ደም ውስጥ ላይገኝ ይችላል። በዚያ ላይ አገራችን ውስጥ አንዳንዱ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የፋልሲፓረም ዝርያ ተገኝቷል። ስለዚህ ትኩሳቱ ካልለቀቃት ጤና ጣቢያ ሄዳ በማይክሮስኮፕ ትታይ፤ በማግስቱም ይደገምላት። ሌላ የትኩሳት መነሻ ካለም እዚያው ይፈለግ።

"የወባ መድኃኒት ፅንሱን ይጎዳዋል" ብለው የሚያስቀሩም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ለነፍሰ ጡር የማይሰጠው ሌላው የወባ መድኃኒት፣ ፕሪማኩይን ነው። ሆዷ ሳይገፋ ማርገዟን ለሰው የማትናገር ሴት ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ናት፤ ለባለሙያዋ ግን ጣቷን ከመወጋቷ በፊት ትንገራት፤ የሚታዘዝላት መድኃኒት በዚያ ይለወጣል።