በሰው ደጅ እንግዳ መቀበል

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖሩ አንድ አባትና ልጅ የተረዱት በሽንፈትና በድል መካከል ነው።

አባትየው ተወልዶ ያደገው ከድንበሩ ወዲያ፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ነው። ልጁ ግን በኬንያ ተወልዶ በኬንያ ትምህርት ቤት የሚማር በመሆኑ ልቡ ያዘነበለው ወደ ሃራምቤ ስታርስ ነበር። ይህ ልዩነት ጎልቶ የወጣው ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ ኬንያ ኢትዮጵያን 3 ለ 0 ባሸነፈችበት ዕለት ነው። ሁለቱ አገሮች ከ4 ቀናት በፊት ባሕር ዳር ላይ ያለ ግብ ተለያይተው ስለነበር አባትየው ተስፋ ሰንቆ ነበር። ልጁ በደስታ ሲዘል እርሱ ቃል ሳይተነፍስ ከቤት ወጣ። ያን ምሽት ያዘነው በውጤቱ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አገር መኖሩን ያወቀው ያን ዕለት ነበርና።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከግብፅ ጋር ስትገናኝ ግን ልጁ ራሱ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ቦታው ነበር።

«አባዬ፣ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ከሆነች ጨዋታው ለምን በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ይደረጋል?»

«የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን የሚያሟላ ስታዲየም በአገራችን ስለታጣ ነው፣ ልጄ። በሰው ደጅ እንግዳ መቀበል ማለት ይህ ነው፤ እኛም እዚህ የምናደርገው ይህንኑ አይደል?»

የአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን ኳስን በአጭር ቅብብል ይዞ መጫወትን መርሑ ያደረገ ነበር። እንዲህ ያለው መርሕ የሚጸናው ደግሞ ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ ከመሸሽ ይልቅ እዚያው በተጋጣሚ የሜዳ ክልል ተጭኖ መልሶ መንጠቅ ሲቻል ነው። አባትየው የሻይ ብርጭቆዎችን ደርድሮ አስረዳው። አጥቂው ኳስ የያዘውን ተከላካይ ወደ መስመር ዳር ይገፋዋል፤ አማካዮቹ በቅርብ የቆሙትን ተቀባዮች ይይዛሉ፤ ተከላካዮቹም እስከ ሜዳው አጋማሽ ይጠጋሉ። የኤሲ ሚላኑ አሠልጣኝ አሪጎ ሳኪ ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከ25 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይሻ የነበረው ለዚህ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከዘገየ የሌሎቹ ሩጫ ከንቱ ድካም ሆኖ ይቀራል።

የዚህ አጨዋወት ዋጋው ከባድ ነው። ወደ ፊት የተጠጋ የተከላካይ መስመር ከጀርባው ሰፊ ባዶ ሜዳ ይተዋልና። ኢትዮጵያ ይህን ታውቀዋለች። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ በሠራው ጥፋት፣ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በጨዋታው መጀመሪያ በቀይ ካርድ ከሜዳ ወጥተዋል።

በሊሎንግዌው ጨዋታም ስጋቱ ቀላል አልነበረም። ግብፅ ሙሐመድ ሳላህ ባይሰለፍላትም በዚያው ዓመት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች ናት። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ4 ቀናት በፊት በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፋለች። ሆኖም በመጀመሪያው አጋማሽ ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ በግብፅ ክለቦች ለዓመታት የተጫወተው ሽመልስ በቀለ ሌላ ግብ አስቆጠሩ፤ ጨዋታውም 2 ለ 0 ተፈጸመ።

«አባዬ፣ ያኔ ካሳራኒ ላይ ለምን እንዲህ አልተጫወታችሁም?» አለ ልጁ።

«ያኔ የሮጥነው ለየብቻችን ነበር» ሲል መለሰ አባትየው።

ድሉ ብዙ አልቆየም። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጊኒ ሁለት ጊዜ ተሸነፈች፤ ኮትዲቯር ወዳስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫም ሳታልፍ ቀረች። ልጁ እስከ ዛሬ የኬንያ ደጋፊ ነው። ይሁንና ከጊኒው ሽንፈት በኋላ ብርጭቆዎቹን ራሱ ደረደረና አንዱን ወደ ኋላ ጎተት አድርጎ፣ «አባዬ፣ ተከላካያችን ዘግይቶብናል» አለ። አባትየው ስለ ብርጭቆው አቀማመጥ ሊከራከረው አስቦ ነበር፤ «ተከላካያችን» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ግን ዝም አለ።