የእንጅባራ ጠዋትና የናፍጣ ካንዴላ

እንጅባራ ላይ በታኅሣሥ ማለዳ መናኸሪያ የሚውል ሰው መኪናውን ሳያይ ጤናውን በጆሮው ያውቀዋል። ደህናው ሞተር አንዴ ያጓራና ይነሣል። ሌላውን ሞተሪኖው ደጋግሞ ያሽከረክረዋል፤ ይስላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ይጠፋል። ከዚያ ረዳቱ ይወርዳል፣ ጎልማሳው ተሳፋሪም ይወርዳል፣ ግፊያ ይጀመራል። ወንበሩ ላይ ከቀሩት አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም ወደ ፈለገ ሕይወት ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ወደ 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ይጠብቀዋል፤ በጠዋት ካልደረሰ ተራው ያልፈዋል።

ሹፌሩን ቢጠይቁት «ብርዱ ነው» ይላል። ብርዱማ ድሮም ነበረ። ኮሶበር ስትባልም እንጅባራ ብርዳም ነበረች። መኪናው የተሠራው ለብርድ መፍትሔ ተበጅቶለት ነው፤ መፍትሔውም ጣት የምታህል ብረት ናት። መካኒኮች የናፍጣ ካንዴላ የሚሏት ማሞቂያ።

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ብልጭታ ይሰጣል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። አየሩን አምቆ በማጋል ናፍጣውን በዚያ ግለት ያቀጣጥላል። ብዙዎቹን አሮጌ ዶልፊኖች የሚነዱት የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች አየሩን ወደ 22 እጥፍ ገደማ ያምቁታል። ችግሩ ናፍጣው መጀመሪያ የሚረጨው ከፒስቶኑ በላይ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል መሆኑ ነው። የክፍሏ ግድግዳ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ የታመቀውን አየር ሙቀት ይመጠዋል። ካንዴላዋ እዚያች ክፍል ውስጥ ገብታ ሞተሪኖው ከመዞሩ በፊት ጫፏ ይግላል፤ የሚረጨው ናፍጣም እሷ ጋ ደርሶ ይነዳል።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ይዞት የሚመጣው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ለቀዝቃዛ ብረት ቶሎ ይረታል። ስለዚህ ሞቃታማዋ ቻግኒ ላይ ሁለት ካንዴላ ሞቶበት ለዓመት ያለ ችግር የሠራ ሚኒባስ፣ ተሸጦ ወይም ስምሪት ተቀይሮለት እንጅባራ ባደረ በማግስቱ አልነሣም ይላል። አዲሱ ባለቤት «አታለሉኝ» ብሎ ያማርራል። መኪናው ግን የታመመው ቀደም ብሎ ነው፤ የቻግኒ ሙቀት ደብቆለት ነበር።

ዓለም ላይ በዚህች ቅንጣት ብረት እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሰው የሚጭን መኪና የላቸውም። በሬዲዮ የሚነዱ፣ ክንድ የማይሞሉ የውድድር መኪኖች ባለቤቶች ናቸው። የእነሱ ሞተር ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ተደባልቆ የሚያቃጥል ሲሆን፣ በፕላቲነም ሽቦ የምትግል ደቃቅ ካንዴላ አለችው። አሜሪካዊው ሬይ አርደን እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ካቀረባት ወዲህ ሞዴል የሚሠራው ሁሉ ተቀበላት። እነዚህ ሰዎች ውድድር ሲደርስ የአየሩን ሙቀት፣ የቦታውን ከፍታና የነዳጁን ድብልቅ አይተው ካንዴላ ይመርጣሉ፤ ለብርድ ሞቃቷን፣ ናይትሮው ለበዛበት ነዳጅ ቀዝቃዛዋን። የተቃጠለችውንም አውጥተው በማጉያ መነጽር ሽቦዋን ያነባሉ። ለመጫወቻ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በደጋ ቁልቁለት አሥራ ሁለት ሰው ይዞ ለሚወርድ ሞተር የሚመረጠው «ጥርሱ ከገጠመ ይሆናል» ተብሎ መሆኑ ያስገርማል።

ጥርሱ መግጠሙ ብቻውን ምንም አይነግርም። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ ለ12 ቮልት ገደማ፣ ሌላው ለ6 ቮልት ገደማ የተሠሩ ካንዴላዎች አሉ። ዝቅተኛ ቮልት ያላቸው በፍጥነት ይግላሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥላቸው ሪሌና መቆጣጠሪያ ግን ያስፈልጋቸዋል። መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ነቅሎ ጥሎ በእጅ የሚጫን ቁልፍ የሚገጥም ሰው አይጠፋም። ሹፌሩ በብርድ ጣቱን ቁልፉ ላይ ይረሳዋል፤ ጫፏ ታብጣ ትቀልጣለች፤ ሲብስም ተሰብራ ወደ ሞተሩ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የካንዴላ መሆኑ ቀርቶ የፒስቶንና የቴስታታ ይሆናል።

ካንዴላዋ ስትሞት የሚመጣው ዘዴ ደግሞ ከበሽታው ይከፋል። በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ መያዝ፣ ወይም ማስነሻ ስፕሬይ መንፋት። ከአራቱ አንዷ እንኳ የጋለች ካንዴላ ካለች ያ ጋዝ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ፋሻ ይሰብራል። ሌላው ዘዴ ቁልቁለት ፈልጎ ማሳደር ነው፤ ሦስተኛው ሞተሩን ጨርሶ አለማጥፋት። ናፍጣ በወረፋ በሚገኝበት፣ መንገድ በተዘጋ ሰሞንም በጀሪካን ከጥቁር ገበያ በሚገዛበት አገር መናኸሪያ ቆሞ ሰዓት ሙሉ የሚንተከተክ ሚኒባስ ማየት ያናድዳል። በሹፌሩ መፍረድ ግን ከባድ ነው። ካጠፋው እንደማይነሣ ያውቃል።

እዚህ ላይ ፖሊሲ ይመጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው ዶላር ሲታሰብ ምክንያቱ ይገባል። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ዕቃም አብሮ ወጣ። የሁለቱ ድምር ለደጋው ምን ማለት እንደሆነ ብዙም አልተወራም። መሙያ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ውጭ ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ዳንግላን ከአዲስ ቅዳምና ከእንጅባራ፣ እንጅባራን ከቻግኒ የሚያገናኙት ለብዙ ዓመት እነዚያው አሮጌ ናፍጣዎች ይሆናሉ። ስለ አዲሱ መኪና ብዙ ውሳኔ ተላልፏል። አሮጌው በምን እንደሚጠገን፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ የሚመጣውን ኮፒ ካንዴላ ማን እንደሚፈትሽ ግን የሚጠይቅ ጠፍቷል። ማሸጊያው ላይ የታወቀ ስም ታትሞ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ሁለት ክረምት የማይሻገር ዕቃ ሲሸጥ የሚከፍለው ሹፌሩና ተሳፋሪው ነው።

እስከዚያው ድረስ ጋራዥ ውስጥ በእጅ የሚሠራ ነገር አለ፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ ሲበዛ መጀመሪያ ባትሪውን ማየት፤ የደከመ ባትሪ የካንዴላ በሽታ ያስመስላል። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ካንዴላዎቹን ወደሚያገናኘው ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ መድረሱን በሜትር መለካት። ካልደረሰ ጥፋቱ የሪሌ ወይም የሽቦ ነው፤ ይህን ሳያዩ አራት አዲስ ካንዴላ ገዝቶ ያው ነጭ ጭስ የጠበቀው ሰው ብዙ ነው። ከደረሰ ቆርቆሮውን ፈትቶ እያንዳንዷን ለብቻ መለካት። የሞተችው መስመሯ ተቆርጦ ሜትሩ ላይ ምንም አታሳይም። አንዷ ብቻ ከሞተችም «በሦስቱ ይነሣል» ብሎ መተው አይገባም፤ በዚያኛው ሲሊንደር ያልተቃጠለው ናፍጣ ከግድግዳው ላይ ዘይቱን እያጠበ ብረት ከብረት ያፋጫል።

ስትፈታ ሞተሩ ሞቅ ቢል ይሻላል፤ በብርድ የተጣበቀችን በጉልበት ማዞር ቴስታታው ውስጥ ሰብሮ ማስቀረት ነው። አዲሷ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ባለው ቁጥርና ቮልት ተመርጣ፣ መጀመሪያ በእጅ ገብታ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በመፍቻ ትጠብቃለች። የወጣችውን አሮጌ ደግሞ ሳይጥሉ ጫፏን ማየት። ጫፏ ደህና ሆኖ የሞተች ከሆነ ዕድሜዋ ነው። አብጣ ከወጣች ቮልት በዝቶባታል፤ ሪሌው ሳይታይ አዲስ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። ቀልጣ ወይም ተበልታ ከወጣች ደግሞ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ያንጠባጥባል ወይም ፖምፓው ያለሰዓቱ ይረጫል፤ መካኒኩ ቀጥሎ የሚፈታው እሱን ነው።