በማን አቆጣጠር?

ጥር 2015 ላይ አዲስ አበባ ካለ አንድ ጎማ ቤት 7.50-16 የሆኑ አራት ጎማዎች ከነካላማዳሪያቸው ገዛሁ። ለኤንፒአሯ የሚያስፈልገኝ የፊቶቹ ሁለት ብቻ ነበር። ሻጩ ግን "አራቱንም ከወሰድክ በእያንዳንዱ ሁለት ሺህ ብር እቀንስልሃለሁ" ሲለኝ ተሸነፍኩ። ሞያሌ ላይ እንደሆነ ጎማ ፈላጊ አይጠፋም።

ሳላይ አልገዛሁም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። የተሠራበት ጊዜ ጎማው ጎን ላይ እንደሚጻፍ ከሹፌሮች ሰምቼ ስለነበር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ዲኦቲ ከሚሉት የፈረንጅ ፊደላት ጀምሮ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ 2514 ይላል። ሻጩም "የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ነው የሚያሳዩት" አለኝ። ትክክል ነው፣ አልዋሸም። እኔ 14ን አይቼ 2014 አልኩ። ከመስከረም ጀምሬ 25 ሳምንት ስቆጥር የካቲት ላይ አረፈ። ዓመት እንኳ አልሞላውም ብዬ ከፈልኩ። ጥርሱ አልተነካም፣ ጥቁረቱም ያብለጨልጭ ነበር። ማብለጭለጩ የቅባት እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለቱን ፊት አሳሰርኩ። የቀሩትን ኬንያ በኩል ላለች የብዙ ዓመት ደንበኛዬ በእያንዳንዱ 1,500 ብር አትርፌ ሸጥኩላት። ልጇ እንደኔው ዓይነት አይሱዙ ይዞ ከሞያሌ ማርሳቢት፣ አንዳንዴም እስከ ኢሲዮሎ ይሠራል። "ደህና ጎማ ነው?" አለችኝ። "አዲስ ነው፣ ቀኑን ራሴ አይቻለሁ" አልኳት። እሷም እኔን ብላ ወሰደች እንጂ ጎማውን አላገላበጠችም።

የካቲት ማብቂያ ላይ 45 ኩንታል ቦሎቄ ጭነን መጋን አልፈናል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ አስፋልቱ ይፋጃል። የፊት ቀኝ ጎማ እንደ ጥይት ጮኸና መኪናዋ ወደ ቀኝ ተጎተተች። ሹፌሬ ፍሬን አልረገጠም። በኋላ ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ የፊት ጎማ ፈንድቶ ፍሬን ከረገጥክ ትገለበጣለህ። መሪውን አጥብቀህ ይዘህ ነዳጁን ቀስ እያልክ መልቀቅ ነው" አለኝ። ከአስፋልቱ ወርደን ቀዩ አፈር ላይ ቆምን። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ነበር። ልክ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ጋቢናው ሞልቶ ነው። ከላይ ሲወርድ ሁለቱም መዳፎቹ በገመድ ተልጠዋል። ምንም ሳይናገር ክሪኩን ማውጣት ጀመረ።

ስኮርታውን አስረን እያዘገምን ሞያሌ ገባን። የፈነዳውን ለጎሚስታው ሰጠሁት። እኚህ ሽማግሌ ብዙ ዘመን ኬንያ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። ጎማውን አጎንብሰው አዩና "ይሄማ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው" አሉ።

"የ2014 ነው እኮ አባባ!"

"በማን አቆጣጠር?"

ለካ ፋብሪካው መስከረማችንን አያውቅም። 2514 ማለት በፈረንጆቹ የ2014 25ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2006። እኔ ስገዛው ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል ማለት ነው። ጎማ ደግሞ ባይነዳበትም ያረጃል። ሙቀቱና አየሩ ያደርቀዋል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ሽማግሌው ቅባቱን በጨርቅ ጠርገው ስንጥቁን በጥፍራቸው አሳዩኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ መታየት አለበት፤ አሥር ከሞላው ጥርሱ ቢኖርም ይጣላል አሉኝ። አራቱ ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችልም፣ ከውጭ ካጣችሁት ወደ ውስጥ የዞረውን ጎን ፈልጉ።

ሻጩን ልረግም አፌን ስከፍት ደንበኛዬ ትዝ አለችኝ።

ደወልኩ። "እነዚያ ጎማዎች የት ናቸው?" አልኳት። "ልጁ ፊት አስሮ ጠዋት ማርሳቢት ሄዷል" አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ "ቆይ" ብላ ዘጋችው። በየአምስት ደቂቃው ብደውል መስመሯ ተይዟል። ጎሚስታው ደጃፍ ያ የተቀደደው ጎማ ላይ ተቀምጬ ሻይ አዘዝኩና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ልጁን በየካቲት ፀሐይ፣ በሙሉ ጭነት፣ እኔ ባሰርኩለት ጎማ ሲበር ነበር የማየው። ረዳቴ የተላጠ እጁን በውሃ እየነከረ አጠገቤ ቁጭ ብሏል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደወለች። ቱርቢ ላይ ሻይ ሊጠጣ ሲቆም አግኝታዋለች። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውሮ እያዘገመ ተመለሰ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ "ገብቷል" አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ለሻጩም በማግስቱ ደወልኩ። ሲሸጥልኝ "ዋስትና አለው" ብሎኝ ነበር። አሁን ግን "ዋስትናው ለፋብሪካ ስህተት ነው፣ ያንተ በጭነት ነው የፈነዳው" አለኝ። ደረሰኜ ላይ ያለው "ጎማ 4" ብቻ ነው፤ የጎማው ቁጥርም ቀኑም የለም። ምን ይዤ ልከራከር? ቀኑን አውቆ ነው ያታለለኝ ወይስ እሱም እንደኔ ነው የሚቆጥረው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አሁን ግን አራቱ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካልተጻፈልኝ ገንዘብ አልቆጥርም።

ሁለት ጎማ ገዝቼ ለደንበኛዬ ወሰድኩላት። ቁጥሩን ራሷ በሣሙና ውሃ አጥባ አነበበች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ያተረፍክብኝስ?" አለች። ሦስት ሺህ ብሯን ቆጥሬ ሰጠኋት።

ንግዳችን አልተቋረጠም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ብስኩትም ይሁን ዘይት ባመጣሁላት ቁጥር ካርቶኑን ታገላብጥና ቀኑ ላይ ጣቷን አድርጋ፣ ሳቋን ይዛ፣ "በማን አቆጣጠር?" ትለኛለች።