ወረፋ የሚጠብቅ ጀሪካን

በእኛ ከተማ በመርጡለ ማርያም ቦኖው ውሃ በሚሰጥበት ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፎ የሚታየው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ባለቤቱ እቤቱ እሳት ያያይዛል፤ ጀሪካኑ ወረፋ ይይዝለታል። አንዱ አንገቱ ላይ በታሰረ ቀይ ክር፣ አንዱ በክዳን ፈንታ በተወተፈበት ቆረቆንዳ፣ ሌላው በጋለ ቢላዋ ተለብልቦ በተደፈነ ስንጥቁ ይታወቃል። የሌላውን ጀሪካን ገፍቶ የራሱን ያስቀደመ፣ ሰው እንደገፈተረ ይቆጠርበታል።

ባለፈው ጥር ለአስተርዮ ማርያም እናቴን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ስሄድ፣ ከአልጋዋ ሥር፣ ከጓዳዋና ከደጇ አሥራ አንድ ጀሪካን ቆጠርኩ። ስድስቱ የምግብ ዘይት የመጣባቸው ቢጫ ባለ 20 ሊትር ናቸው። አንዱ አንገቱ ተቆርጦ ጤና አዳም ተተክሎበታል። አንዱ በሰያፍ ተቆርጦ አመድ ያፍሳል። አንዱ ጎኑ ተከፍቶ ዶሮዎቹ ይለቅሙበታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ወንድሜ ቀዳዶ፣ በእግር በሚረገጥ ገመድ እጅ እንዲያስታጥብ ያንጠለጠለው ደግሞ ዛሬም በሩ ላይ አለ።

«እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ምን ያደርግልሻል? አዲስ አበባ ቢሆን ቁራሌው ሰብስቦ ምናለሽ ተራ ያደርሰው ነበር» አልኳት።

«እንስራ ተሸክመሽ ብታውቂ እንዲህ አትይም ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። በእንስራ ሲሆን የሸክላው ክብደት ይጨመርበታል። እንስራው አዳልጦ ከተሰበረ ደግሞ ውሃውም፣ ዕቃውም፣ የባልና የአማት ፊትም አብሮ ይጠፋል። የጀሪካን አባት ግን የጦር ዕቃ ነው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለነዳጅ ብለው ከብረት ሠሩት፤ እንግሊዞች በጦርነቱ ማርከው አስመስለው ሠሩት፤ ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሯቸው ስለነበር ስሙም በዚያው ቀረ። ለታንክ የታሰበው ዕቃ ፕላስቲክ ለብሶ መጥቶ የጎጃምን ሴት ጀርባ አቀለለ።

ጠቡ የተነሣው በአሥራ አንደኛው ጀሪካን ነው። ነጭ፣ አምስት ሊትር የሚይዝ፣ አዲስ የሚመስል ነበር። እናቴ በግራዋና በአመድ አሽታ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ ደፍታዋለች፤ ለማርያም ማኅበር ጠላ ልትወስድበት። ገልበጥ አድርጌ የተላጠውን ወረቀት ሳነብ የአረም መድኃኒት ዕቃ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቴ ደግሞ የአማርኛውንም ፊደል አልቆጠረችም።

«ታጥቧል እኮ!» አለች። ፕላስቲክ መርዙን ወደ ውስጡ እንደሚመጥ፣ ግራዋም አመድም ጨርሶ እንደማያወጣው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ዳግም ለምግብና ለመጠጥ እንዳይውል ተበስቶ መወገድ እንዳለበት ነገርኳት። አልሰማችኝም። ሚስማር አምጥቼ ፊቷ በሳሁት። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ማታም ቡና ስታፈላ አላናገረችኝም። በሰው ቤት ደኅና ዕቃ መብሳት፣ ያውም በእናት ፊት፣ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

በማግሥቱ ውሃ ጠፋ። አራት ቀን ቦኖው ደረቀ። የእርዳታ ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላሉ። እኔ፣ እናቴና ሁለቱ የወንድሜ ልጆች አራት ነን፤ ስድስቱ ሙሉ ጀሪካኖች 120 ሊትር ናቸው። በስሌቱ ለሁለት ቀን ብቻ ይበቁን ነበር። እናቴ ግን የእጣቢውን ውሃ ለጤና አዳሙ፣ የእግር መታጠቢያውን ለግቢው እያደረገች አራት ቀን አዳረሰችው፤ ከዚያው ላይ ለጎረቤት አራስም ሰጠች። «ቁራሌው ቢወስደውስ ኖሮ?» አላለችኝም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

ጠባብ አንገቱና ክዳኑም ዋጋ አላቸው፤ ማንም እጁን አያገባበትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ስፍራ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ የውሃ ንጽሕና የሞትና የሕይወት ነገር መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ንጹሕ ውሃ ግን ቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ከገባ ንጽሕናው ምን ይጠቅማል?

ልመለስ ስል፣ በመጨረሻው ማለዳ፣ እናቴ ጀሪካኖቿን አንድ በአንድ አውጥታ ደጅ ደረደረቻቸው። «በይ አንብቢልኝ» አለችኝ። ዘይት፣ ዘይት፣ ሳሙና... እያልኩ አነበብኩላት። ወረቀታቸው የጠፋውን እሷ ታውቃቸዋለች፤ «ይኼ የላምባ ነው፤ ውሃ ነክቶት አያውቅም» አለች። አንዱን ግን ከገበያ ከገዛችው ቆይቷል፤ ምን እንደነበረበት እኔም እሷም አላወቅንም። ቢጫ፣ ደኅና፣ ክዳኑም ያልጠፋ ነበር።

ትንሽ አየችው። ከዚያ ገባችና ሚስማሩን ራሷ ይዛ ወጣች።